ያላየሁት ሕልም

ያላየሁትን ሕልም አየሁ ብዬ አንድ ሰው ከመሪው ላይ አውርጃለሁ። ይህን ሚስቴ አታውቅም። የነፍስ አባቴም አያውቁም። በየጾሙ እየሄድኩ ስድቤን፣ ቁጣዬን፣ በየመንገዱ የጠጣሁትን ሁሉ እዘረዝርላቸውና ይህችን አንዷን በጉሮሮዬ ይዤ እመለሳለሁ። መጥተው የሚሄዱትን ኃጢአቶቼን ሁሉ ሰምተዋል፤ ቤት ሠርታ የተቀመጠችውን ግን አንድም ቀን አላሳየኋቸውም። እናንተ አታውቁኝም፤ እኔም አላውቃችሁም። ለእናንተ መናገር የቀለለኝ ለዚህ ይሆናል። ይህም ራሱ ፍርሃት መሆኑን አውቃለሁ።

ገመቹ እባላለሁ፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ኮዬ ነው፤ ያኔ ፎቅ ሳይበቅልበት፣ አባቴ ጤፍና ሽምብራ እያፈራረቁ ሲዘሩበት። መንዳት ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። ከወሎ፣ ከከሚሴ በኩል መጥተው ቃሊቲ የኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መንገድ ላይ የጨረሱ ሾፌር ነበሩ። ረዳታቸው ሆኜ ስገባ ጎማ መፍታት እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር። ተሳቢ ይዞ ወደ ኋላ መመለስን፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳያቃጥሉ መውረድን፣ ከሚሌ ወዲያ ያለውን ሙቀት ሳይሳደቡ ማለፍን፣ ሁሉንም ከእሳቸው ወሰድኩ። መጨረሻ ላይ መሪያቸውንም ወሰድኩ።

ጋሽ ሰይድ ጠዋት ጠዋት፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት፣ የማያስቀሩት አንድ ልማድ ነበራቸው። ትንሽዬ መዶሻቸውን ይዘው መኪናውን ይዞራሉ። እያንዳንዱን ጎማ ይመቱና ጆሮአቸውን ዘንበል አድርገው ድምፁን ይሰማሉ። የመጨረሻው ጎማ ዘንድ ሲደርሱ ቀና ይሉና «ዛሬስ ምን አየህ?» ይሉኛል። ስለ ሕልም ነው። ምንም ካላየሁ «ምንም» እላለሁ፤ እንወጣለን። ካየሁ ግን «አይቻለሁ» ብዬ ዝም ማለት አለብኝ። እሳቸው «ኸይር ይሁን» ሳይሉ አፌን ከከፈትኩ ይቆጣሉ።

ይህን ያስተማሯቸው እናታቸው ናቸው። ሕልም እስኪፈታ ድረስ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ መጀመሪያ የሰማው ሰው ያወጣው ቃል ላይ ያርፋል ይሉ ነበር። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» እኛም እንላለን። ብለን እንስቃለን፣ እንረሳለን። ለጋሽ ሰይድ ግን ከትራፊክ ሕግ የጠበቀ ሕግ ነበር። ስለዚህ ሕልም ለማይወድህ ሰው አይነገርም። የሰማም ሰው ደግ ደጉን ፈልጎ ሳያገኝ አይፈታም። እኔ የማርያም ልጅ፣ በየማለዳው «ኸይር ይሁን» እያስባልኩ ስወጣ ስገባ እናቴ «ሰለምክ እንዴ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

አንድ ጊዜ እናቴ ክፉኛ ታማ ሳለ በሕልሜ የፊት ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ። በእኛ ሰፈር የጥርስ ሕልም የዘመድ ሞት ነው፤ ማንንም ብትጠይቁ ይህንኑ ይነግሯችኋል። ፈርቼ «ምንም አላየሁም» አልኩ። ጋሽ ሰይድ ፊቴን አይተው መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጡና ካልነገርከኝ አንወጣም አሉ። ነገርኳቸው። መዶሻውን መልሰው አነሱና «ሲያስቸግርህ የኖረ ነገር ከአፍህ ወጣልህ። ከእንግዲህ በደንብ ትበላለህ» አሉኝ። እናቴ ከዚያ ሳምንት በኋላ ከአልጋዋ ተነሳች። መርፌው ይሁን የጋሽ ሰይድ ቃል አላውቅም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የአፋቸውን ቃል መፍራትም ማመንም ጀመርኩ።

ያመንኩትን ነገር ነው ያረከስኩት። የማያምን ሰው ቢሠራው ቀልድ በሆነ ነበር።

የራሳቸውን ሕልም የነገሩኝ ሚሌ ላይ፣ ሙቀቱ እስኪበርድ ተሳቢው ጥላ ሥር ጋደም ባልንበት ነው። ወጣት ሳሉ ጋሽ እንድሪስ ለሚባሉ ሾፌር ረዳት ነበሩ። አንድ ቀን በሕልማቸው ጣርማ በር ላይ ጉም ወረደ፤ ጋሽ እንድሪስ ከመኪናው ወርደው ፋኖስ ይዘው ገደሉን እያሳዩ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ጋሽ ሰይድ መሪ ይዘው ይከተላሉ። ከዚያ ጉሙ ጋሽ እንድሪስን ዋጣቸው። ከመዋጣቸው በፊት ግን ዞር ብለው አዩዋቸው። ጠዋት ሕልሙን ሲሰሙ ጋሽ እንድሪስ ብዙም አላሰቡም። የሚመራህ ሰው በሕልምህ ከጠፋብህ መንገዱን ለአንተ ትቶልህ ሄዷል ማለት ነው፣ ዞሮ ካየህ ደግሞ መርቆህ ነው አሏቸው። እዚያው ቁልፉን ሰጥተው በረዳት ወንበር ተቀመጡ። ከዚያ ጉዞ በኋላ መሪ አልነኩም።

ጋሽ ሰይድ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ሾፌር መቼ እንደሚበቃው ራሱ አያውቅም አሉኝ፤ ሁሉም ገና ነኝ ይላል፣ ገና ነኝ እያለ ገደል ይገባል። ለዚህ ነው ፈጣሪ ለረዳቱ የሚያሳየው።

«አንተም ያየኸኝ ቀን እወርዳለሁ» አሉኝ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እሳቸው ይህን የነገሩኝ እንደ ልጃቸው ስለሚያዩኝ ነው። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ከመሪው ላይ የሚያወርዳቸው ነገር ምን እንደሆነ በራሳቸው አፍ ነግረውኝ ነበር፤ እኔም ሰምቼ ያዝኩ።

መጀመሪያ ላይ ለመዋሸት አላሰብኩም፤ ሕልሙን ጠበቅኩ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ፤ አብረውኝ ረዳት የነበሩ ልጆች ክላክስ እያጮሁ ያልፉኛል። ስተኛ ስለ ጉም፣ ስለ ፋኖስ፣ ስለ ጋሽ ሰይድ ጀርባ እያሰብኩ እተኛለሁ። የማየው ግን የአባቴን በሬዎች ነው። ፍየል አያለሁ፣ ዳቦ አያለሁ፤ አንዴ ሳሪስ ገበያ መሐል ራቁቴን ቆሜ አየሁ። ጠዋት «ምን አየህ?» ሲሉኝ «በሬ» እላለሁ። «በሬ ጉልበት ነው፣ አብሽር» ይሉኛል። በልቤ በሬውንም እሳቸውንም እረግማለሁ።

ምክንያት አለው ብላችሁ እንዳታስቡ። ምክንያቶቼን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። ላገባት ያጨኋት ልጅ ቤተሰቦች «ረዳት» የሚለውን ቃል አፋቸውን አጣመው ነበር የሚጠሩት። ባለመኪናው ሁለተኛ መኪና ሲገዛ ለእኔ ይሰጠኛል ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቼ ነበር፤ ለእህቱ ልጅ ሰጠው። ይኸው ነው። ርቦኝ አልነበረም፣ ማንም አልበደለኝም፤ ጋሽ ሰይድማ ጨርሶ አልበደሉኝም። ዓይናቸው ደክሞ ነበር እንዳልል ጎናቸው ተቀምጬ ነው የኖርኩት። ሜዳው ላይ የምትሻገረውን ፍየል ሁልጊዜ ከእኔ በፊት የሚያዩት እሳቸው ነበሩ።

መኪናው ለእህቱ ልጅ በተሰጠ ማግስት፣ ቃሊቲ፣ መኪኖቹ ተደርድረው በሚያድሩበት ሜዳ ላይ ዋሸሁ። ሰማዩ ያካፋል። ጋሽ ሰይድ ኮታቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጣል አድርገው ጎማቸውን መትተው ጨረሱና «ዛሬስ ምን አየህ?» አሉኝ።

«አይቻለሁ» አልኩ።

«ኸይር ይሁን» አሉ።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። በሬ አየሁ ማለት እችል ነበር፤ ከበሬ የበለጠ ምን ለምጃለሁ? እኔ ግን ተናገርኩ። ከሚሌ ወዲያ ነን፣ አቧራ ተነስቷል፣ አንቱ ባትሪ ይዘው ከፊቴ ይሄዳሉ፣ እኔ መሪ ይዣለሁ፣ ከዚያ አቧራው ዋጠዎት፣ ክላክስ ባደርግ ባደርግ የሉም አልኩ። ጉሙን በአቧራ፣ ፋኖሱን በባትሪ ቀየርኩት፤ የሰረቀውን በግ ጆሮ ቆርጦ እንደሚሸጥ ሌባ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የፍርሃት ነው። እሳቸው ግን የሐዘን መሰላቸው፤ ትከሻዬን ያዙኝ።

ከዚያ «ዞሬ አየሁህ?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም ነበር። ዞሩ ብል ሕልሙ ከራሳቸው ሕልም ጋር አንድ ይሆናል፤ ይነቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ነው። ክፋት ሲመጣ እንዴት ፈጣን ነው የሰው ጭንቅላት?

«አልዞሩም» አልኩ።

ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ አነሱና ቀድመው የመቱትን ጎማ እንደገና መቱት። ድምፁን ሰሙ፣ አልሰሙም፣ እንጃ። ከዚያ ቀና ብለው ፈቱልኝ። መንገዱ ያንተ ነው አሉኝ፤ እጅህ የሰው ነፍስ አያጠፋም፣ ቤትህ አይጎድልም፣ ልጆችህ አያሳፍሩህም። ስለ አለመዞራቸው ምንም አላሉም። ክፉ ፍቺ ከአፋቸው አይወጣምና ያንን ፈትተው ሊሰጡኝ አልፈለጉም፤ ለራሳቸው ያዙት። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡና ዞረው ሄደው በእኔ በር፣ በረዳቱ በር፣ ጋቢና ገቡ።

ያን ጉዞ ስንመለስ ባለመኪናውን ራሳቸው አናገሩት። ገመቹ በቅቷል፣ እኔም ደክሞኛል አሉት። በእሳቸው ቃል መኪናው ተሰጠኝ። በዚያው ዓመት አገባሁ። ሠርጌ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው መረቁኝ፤ አጎንብሼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ያን ጊዜ እንኳ ደረቴ ውስጥ የነበረው ሐፍረት ሳይሆን ደስታ ነበር። ይህንን መናገር ከሁሉም ይከብደኛል፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ለጋሽ ሰይድ ቤተሰብ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸውና ኮዬ ፈጬ ገቡ። ጉዳቸውን ስሙ፤ አባቴ ሽምብራ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ፣ ከላይ ፎቅ። ዕድሜ ልኩን ጋቢና ውስጥ የኖረ ሰው ፎቅ ላይ ምን ይሠራል? መጀመሪያ ሰሞን ወርደው በእግራቸው እስከ አስፋልቱ ይሄዱና የጭነት መኪና ሲያልፍ ቆመው ያዩ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ድረስ በታክሲ ሄደው ተቀምጠው የሚውሉበት ቀን ነበር። ከዚያ ጉልበታቸው እምቢ አለና መስኮቱ ቀረላቸው። ከመስኮቱ የሚታየው ሌላ ፎቅ ነው። ባለቤታቸው እማማ ዘሀራ፣ መዶሻዋን ትራስጌው አስቀምጧል፣ አንዳንዴ ያነሳና የአልጋውን ብረት ይመታል ብለው ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

እጠይቃቸው ነበር፤ አልቀረሁም። ከጅቡቲ ስመለስ ተምር ይዤላቸው እሄዳለሁ። ሰው ሲያየኝ «እንዲህ ያለ ልጅ ይወለድ» ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጋሽ ሰይድ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ባለመኪናው ይጠይቁኛል። እማማ ዘሀራ ወደ ማጀት ገባ ሲሉ ጠብቀው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ገመቹ፣ እርግጠኛ ነህ? አልዞርኩም?»

«አልዞሩም ጋሼ» እላለሁ።

ምን ልበል? ሕልም እንደ ጭነት ደረሰኝ አይታረምም። አሁን ትዝ አለኝ፣ ዞረው ነበር ብል፣ እስከዛሬ የት ነበርክ ይሉኛል። ስለዚህ ውሸቴን እንደ እውነት አከበርኩት፤ አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ። ለእውነት እንዲህ ታምኜ አላውቅም።

እሳቸው ግን ሌላ ሥራ ይዘው ነበር። ሳይዞሩ የሄዱት በድለውኝ እንደሆነ አምነው በደላቸውን መፈለግ ጀመሩ። አዋሽ ላይ ክሪኩን ረስቼ በሰው ፊት ሰድበውኝ ነበርና እሱን አነሱ። አንዴ እናትህ ስትታመም ጥለሃት ና ብዬህ ነበር አሉ፤ እኔ ትዝም አይለኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ መንጃ ፈቃድ እያለህ በረዳትነት አቆይቼሃለሁ፣ ያንን ይዘህብኝ ይሆናል አሉ። በመጣሁ ቁጥር አዲስ በደል አግኝተው ይጠብቁኛል። አንድ ቀን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «ምን እንዳደረግኩህ እኔ ባላውቀውም አንተ ታውቀዋለህ። አውፍ በለኝ» አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቁኝ። እሳቸው፣ እኔን። እኔ ምን አልኩ? «ኧረ ጋሼ ምንም አልበደሉኝም» አልኩና ተምሩን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ። አላመኑኝም። እኔን ከማመን ሕልሙን ማመን መረጡ። እውነቱ ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር፤ አፌን ብከፍት ይወጣ ነበር። ግን ሕልሙ ውሸት ከሆነ መሪውም የእኔ አይደለም። ውጭ የቆመው መኪናዬ ታየኝ፤ አፌን ዘጋሁ።

ከዚያ ታመሙ። እማማ ዘሀራ ደወሉልኝና ሰይድ ይፈልግሃል አሉኝ። በታክሲ ስሄድ፣ ዛሬ እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ምያለሁ። ስገባ ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ ልጆቻቸው፣ ጎረቤቶች፣ ዱአ የሚያደርጉ ሽማግሌዎች። ሁሉም የሰይድ ልጅ መጣ ብለው መንገድ ለቀቁልኝ። አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ። ጋሽ ሰይድ መልካቸው ብቻ ቀርቷል። ሰው መስማቱን አልፈሩም፤ ከዚህ በኋላ ምን ሊፈሩ?

«ያ ሕልም ደግሞ አልመጣልህም?»

ሌላ ሕልም አየሁ፣ ዞረው ሳቁልኝ ብላቸው ኖሮ በሰላም ይሄዱ ነበር። ዋሽቼዎት ነው ብላቸው ኖሮ ምናልባት ረግመውኝ፣ ግን በደል የሌለባቸው መሆኑን አውቀው ይሄዱ ነበር። እኔ ሁለቱንም ፈራሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል። «አልመጣም ጋሼ» አልኩ።

«ኸይር ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዳግመኛ አላናገሩኝም። በማግስቱ ሞቱ።

ቀብራቸው ላይ ቃሬዛ ከተሸከሙት ውስጥ ነበርኩ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ ሕልሙን ያወራል። ረዳቱ ሕልም ቢያይ ያለምንም ንግግር ወርዶ ቁልፉን ሰጠው፣ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል እያለ ያወራል። ከዚያ ወደ እኔ ይዞሩና «አይደለም እንዴ ገመቹ?» ይሉኛል። ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እሰማለሁ። የእኔ ውሸት ነው እያደር የጠራው፤ እያደር የሽማግሌ ወግ ሆነ።

ደግሞ ልብ በሉ፣ የፈቱልኝ ሁሉ ደርሶልኛል። ስንት ዓመት ነድቼ የሰው ነፍስ በእጄ አልጠፋም። ገላን ኮንዶሚኒየም ቤት አለኝ። ልጆቼ አላሳፈሩኝም። የሌለ ሕልም መፍታት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ጋሽ ሰይድ ግን ላም ካልዋለበት ሜዳ ኩበት ለቅመው ሰጡኝ፤ እኔም ይኸው ስሞቀው ኖርኩ። ደግ ደጉ ሁሉ በእኔ ላይ ወደቀ። ሳይፈታ የቀረው አንዱ፣ ያ «አልዞሩም»፣ በእሳቸው ላይ ወደቀ።

ይህንን ይዤ መሞት እችል ነበር፤ አስቤውም ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ግን በቀደም እማማ ዘሀራ ዘንድ ሄድኩ። ከስተዋል። ሻይ አቅርበውልኝ እሳቸው አልጠጡም። ሰላምታውን ስንጨርስ ነጠላቸውን አስተካክለው ከፊቴ ተቀመጡና «ገመቹ፣ ሕልም አይቻለሁ» ብለው ዝም አሉ።

ዝምታው ገባኝ። እየጠበቁኝ ነው። ስንት ማለዳ በዚያ ዝምታ ውስጥ ቆሜ ነበር፤ አሁን ግን ቃሉ የሚጠበቀው ከእኔ ነው። «ኸይር ይሁን» አልኩ።

በሕልማቸው ከፎቁ በታች ባለው አስፋልት ላይ ናቸው። ጋሽ ሰይድ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። እማማ ከኋላ ሰይድ፣ ሰይድ እያሉ ይጣራሉ። ጋሽ ሰይድ ይሰማቸዋል፤ እርምጃቸውን ቀነስ ያደርጋሉ፤ ግን አይዞሩም። ደጋግመው አይተውታል። ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገሩም፤ የመጀመሪያው ቃል ክፉ እንዳይሆንባቸው።

«ለአንተም አልዞረም ነበር፤ ታሞ ሳለ ነግሮኛል። እኔ ደግሞ ምን በድዬው ይሆን?» አሉኝ። «የረሳሁት ነገር ካለ ብዬ መጾም ጀምሬያለሁ። የሱን ፍቺ የምታውቅ አንተ ነህ። ፍታልኝ።»

ሻዩን ለምን እንዳልጠጡ የገባኝ ያኔ ነው። እሳቸውም ጀመሩ። እንደ ባላቸው የሌለ በደላቸውን እየፈለጉ ነው። አንዲት ቀን ጠዋት ቃሊቲ ሜዳ ላይ የጣልኳት ቃል ፎቅ ወጥታ፣ በር ከፍታ፣ የአሮጊት እንቅልፍ ውስጥ ገብታለች። ውሸቴን ውሸት አድርጌ አውቀው ነበር፤ እሳቸው ግን እውነተኛ ሕልም አድርገው አዩት።

መፍታት አያቅተኝም፤ የተማርኩት ከማን ነው? ያልዞሩት ለአንቱ ቦታ ሊያዘጋጁ ስለሚቸኩሉ ነው ብላቸው ፊታቸው ይበራል፤ ጾማቸውን ይፈታሉ፤ ይመርቁኛል። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እሱን በላቸው የምትሉኝ ይመስለኛል፤ ለአሮጊት ምን ጎጂ አለው ትሉኛላችሁ። እኔ በእንዲህ ያለ ደግ ቃል የተገነባ ቤት ውስጥ ነው የምኖረው። ጣዕሙን አውቀዋለሁ።

«እስከ ጁምዓ ይታገሱኝ» አልኳቸው።

«እጠብቅሃለሁ፤ ለሌላ አልናገርም» አሉኝ። እየጾሙ ነው የሚጠብቁኝ።

ዛሬ ጁምዓ ነው። መኪናዬን ቃሊቲ ትቼ በታክሲ መጥቻለሁ። ይህን የምጽፈው ከሕንጻው ሥር ካለች ሱቅ ደጃፍ፣ የአባቴ ሽምብራ ከነበረበት ላይ ተቀምጬ ነው። ስወጣ የምላቸውን አውቃለሁ። አውፍ ይበሉኝ አልልም። ያንን ቃል ጋሽ ሰይድ ምንም ሳያጠፉ ብለውኛል፤ ያጠፋሁት እኔ ያንኑ ብናገር ቃሉን አቆሽሸዋለሁ። ወጣት ነበርኩ፣ ተቸግሬ ነበር፣ ሰው ንቆኝ ነበር አልልም። አየሁ ያልኩትን አላየሁም እላለሁ። ከዚያ በኋላ ቢያባርሩኝ፣ ልጆቻቸውን ቢጠሩብኝ፣ ወይም እንደ ባላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ቢያዞሩ የእሳቸው ፈንታ ነው።

እናንተም ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ «ኸይር ይሁን» እንዳትሉኝ። እሱ ላየ ሰው ነው የሚባለው፤ እኔ ምንም አላየሁም። ጋሽ ሰይድ ከሞቱ ወዲህ ስንቴ እንዲመጡልኝ ለምኜ ተኝቻለሁ፤ ጀርባቸውን እንኳ አላየሁም። የማየው ያንኑ የአባቴን በሬ ነው።

የእማማ ዘሀራ ሕልም ግን ፍቺ አለው። ፍቺው እኔ ነኝ። ደረጃውን ልወጣ ነው።